ትንፋሽ ሲያጥር፦ የእናቶች ልብ ጤንነትና የሕመሙ ምልክቶች



በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቃችሁ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ባለትዳሮች፣ አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ለመመካከር፣ ወይም ለእርግዝና ክትትል፣ ወይም ሕፃን ለማስከተብ ይሆናል። ስለ ልብ ሕመም ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ሲስተሯ የደም ግፊት መለኪያውን በክንዳችሁ ላይ የምትጠመጥመው፣ «ሲሠሩ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብላ የምትጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ለመውለድም ሆነ ለማራራቅ የምታደርጉት ውሳኔ ሁሉ የእናቲቱን ልብ ይመለከታል።

በዓለም ዙሪያ ከሚሞቱ ሴቶች መካከል ከሦስቱ አንዷ ገደማ የምትሞተው በልብና በደም ሥር በሽታዎች ነው። የልብ ሕመም ሲባል ግን ለብዙዎቻችን ፊት ለፊት የሚመጣብን በዕድሜ የገፋና የወፈረ ወንድ ነው። በሀገራችን ነገሩ ከዚህ ይለያል። በልብ ሕመም ከሚሠቃዩት መካከል ገና ያልጎለመሱ ልጆችና በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የአረጋውያን ብቻ ሳይሆን የእናንተ የባለትዳሮችም ጉዳይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

የሚከተለው ታሪክ የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም፤ በየጤና ተቋሙ ከሚያጋጥሙ ብዙ ታሪኮች የተውጣጣ ምሳሌ ነው።

በባሕር ዳር ከተማ የምትኖር የ26 ዓመት ባለትዳር እናስብ። ያደገችው በጣና ዳር ባለች የገጠር መንደር ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ስለነበር «እንጥሏ ወርዷል» ተብሎ በባህል አዋቂ ተቆረጠላት። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ደግሞ ከትኩሳት ጋር መጀመሪያ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያም ክርኗ በተራ አበጠ። «ቁርጥማት ነው» ተባለ፤ በሳምንታት ውስጥ ለቀቃት፤ ተረሳ።

አድጋ አገባች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ድካም ከመብዛቱ በቀር በሰላም ተገላገለች። ሁለተኛውን አርግዛ ሰባተኛው ወር ላይ ስትደርስ ግን ከገበያ እስከ ቤቷ ሦስት ጊዜ ሳታርፍ መድረስ አቃታት። ሌሊት በጀርባዋ መተኛት ስላልቻለች ሦስት ትራስ ደራርባ ትደገፋለች። ባሏ «ልጁ ከብዶሽ ነው» አላት። አማቷም «እኔም ልጅ ስይዝ እንዲሁ ነበርኩ፤ አይዞሽ ልጄ፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» አሏት። ጎረቤት ደግሞ «ብርድ ነው» አለ። ሁሉም የተናገሩት በፍቅር ነበር፤ ሁሉም ግን ተሳስተዋል።

አንድ ሌሊት ታፍና ነቅታ መስኮት ከፍታ አየር ስትፈልግ ባሏ አያት። «ነግቶ እንሂድ» ስትለው አልተቀበላትም፤ ባጃጅ ፈልጎ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ የመጀመሪያ ጥያቄው «በልጅነትሽ መገጣጠሚያሽ አብጦ ያውቃል?» የሚል ነበር። ከልቧ በሮች አንዱ ጠብቦ ተገኘ። በሐኪሞች ክትትል ሥር ሆና በሆስፒታል ወለደች፤ እርሷም ልጇም ተረፉ። ይህች ቤተሰብ አንዲት እናት ከማጣት ያመለጠችው ባልየው እስኪነጋ ባለመጠበቁ ነው።

ልብ እንዴት ይሠራል?

ልብ የጭብጥ ያህል መጠን ያለው የጡንቻ ፓምፕ ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል እየመታ ደም ወደ መላው አካል ይገፋል። በውስጡ ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሉ፤ ደም ወደ ፊት እንዲያልፍ ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ ያለውን የውኃ መቆጣጠሪያ የምታውቁ ነገሩ በቀላሉ ይገባችኋል። በሮቹ በበቂ ካልተከፈቱ የታችኛው ወንዝ ውኃ ያጥረዋል፤ ውኃውም ወደ ኋላ ሐይቁ ላይ ይተኛል። በልብም እንዲሁ ነው። የግራው የልብ በር ሲጠብ ወደ አካል የሚሄደው ደም ያንሳል፤ ስለዚህ ድካም ይመጣል። ከበሩ በስተኋላ ያለው ደም ደግሞ በሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ያጥራል። በእግር ላይ የሚታየው እብጠትም ልብ ሥራውን መወጣት ሲያቅተው በአካል ውስጥ የሚከማች ፈሳሽ ነው። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ «የልብ ድካም» ይሉታል። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት ሳይሆን ልብ ሸክሙን መሸከም አቃተው ማለት ነው።

ከጉሮሮ እስከ ልብ

በወጣት ሴቶቻችን ላይ የልብን በሮች ከሚያበላሹት ምክንያቶች ዋነኛው ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሣ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተህዋስ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያቆስላል፤ ይህን በተለምዶ «ቶንሲል» እንለዋለን። ቶንሲሉ በሚገባ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባል ሕመም ይከተላል። ሰውነት ተህዋስን ለመከላከል ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ይድናል፤ የልቡ ጉዳት ግን ሊቀርና ትኩሳቱ በተመለሰ ቁጥር ሊባባስ ይችላል። ልጅቷ የረሳችውን ሕመም ልቧ አይረሳውም።

በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን እናስታውስ።

ሀ) አንድ ልጅ ትኩሳት ኖሮት፣ ሲውጥ ጉሮሮው እያመመው፣ አንገቱ ሥር እጢ አብጦ፣ ነገር ግን ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ከሌለው ተራ ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተገቢው ፔኒሲሊን ከተሰጠው ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ከታዘዘ ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ ማቋረጥ አይገባም።

ለ) እንጥል ማስቆረጥ ሩማቲክ ትኩሳትን አይከላከልም። ደም በማፍሰስ፣ ቁስሉ እንዲያመረቅዝ በማድረግና በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ሌላ በሽታ በማስተላለፍ ሕፃኑን ይጎዳል። ተህዋሱንም አያጠፋውም።

ሐ) ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ሰው ሕመሙ እንዳይመለስበት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለ መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይሰጠዋል። «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ መርፌውን ማቋረጥ ለልብ ጠላት በር መክፈት ነው። መርፌው በጤና ተቋም ውስጥ ይወሰድ፤ መቼ እንደሚቆምም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እርግዝናም ሆነ ጡት ማጥባት መርፌውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆኑም።

ይህ በሽታ ሊጠፋ እንደሚችል የበለጸጉት ሀገሮች አሳይተዋል፤ የመኖሪያ መጨናነቅ ሲቀንስና ሕክምና ሲዳረስ በእነርሱ ዘንድ ብርቅ ሆኗል። በ2015 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስችል የጋራ መግለጫ በአዲስ አበባ ወጥቶ በአፍሪካ ኅብረት ተቀባይነት አግኝቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ ጉዳይ ላይ ውሳኔ አሳልፏል።

እርግዝና በልብ ላይ የሚጨምረው ሸክም

በእርግዝና ጊዜ የእናቲቱ ደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የልብ ምትም ይፈጥናል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል። በሩ የጠበበ ልብ ግን ቀድሞ ምንም ሳይታወቅበት ቆይቶ በእርግዝና ጊዜ ሊጋለጥ ይችላል። ከስድስተኛው ወር በኋላ ያሉት ወራት፣ ምጥና ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት በተለይ አደገኛ ናቸው። ስለዚህ የልብ ሕመም ያለባት እናት «ልጁ ወጣ፣ ተገላገልኩ» ብላ ወዲያው ወደ ቤቷ ለመሄድ መቸኮል የለባትም።

ቀድሞ ጤነኛ የነበረች ሴትም በእርግዝናው መጨረሻ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ የልብ ጡንቻዋ ሊደክም ይችላል። በእኛ ልማድ አራስ ስትደክም፣ ስታብጥና ትንፋሽ ሲያጥራት «ብርድ ገባት» ይባልና ቤቱ ይዘጋል፤ ገንፎና አጥሚት ይጨመርላታል። ጥሩ አመጋገብ መልካም ነው። ነገር ግን ጠፍጣፋ መተኛት ያቃታት አራስ የሚያስፈልጋት ሐኪም ነው። በጊዜ ከታከሙት መካከል ብዙዎቹ ልባቸው ይጠነክርላቸዋል። ሆኖም ሕመሙ በሚቀጥለው እርግዝና ሊመለስ ስለሚችል፣ እንደገና ለማርገዝ ከማሰብ በፊት ሐኪም ማማከር ግዴታ ነው።

የደም ግፊትንም አንርሳ። መለኪያው 140 በ90ና ከዚያ በላይ ካሳየ ግፊቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከአምስተኛው ወር በኋላ ከፍ ያለ ግፊት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በእርግዝና ጊዜ እንዲህ ያለ ግፊት የገጠማት ሴት ወደፊት በልብ በሽታ የመያዝ ዕድሏ ካልገጠማት ሴት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለሆነም ከወለደች በኋላም ግፊቷን በየዓመቱ ትለካ።

ልታውቋቸው የሚገቡ ምልክቶች

1. ትንፋሽ ማጠር፦ ቀድሞ ሳታርፍ የምትሠራውን የቤት ሥራ፣ ወይም ሳትቆም የምትወጣውን የቤዛዊት ዳገት አሁን ካቃታት።

2. ጠፍጣፋ መተኛት አለመቻል፦ ሁለት ሦስት ትራስ መደገፍ፣ ወይም ሌሊት ታፍኖ መንቃት። ይህ የትራስ ቁጥር ለባልየው ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሌሊቱን አብሮ የሚያድር እርሱ ነውና።

3. እብጠት፦ በእግር፣ በሆድ ወይም በፊት። በእርግዝና ጊዜ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት ትንሽ ማበጡ የተለመደ ነው፤ ጠዋትም የማይቀንስ ወይም ወደ ላይ የሚወጣ እብጠት ግን ይመርመር።

4. የልብ ትርታ፦ ቁጭ ባለችበት ልቧ የሚፈጥን ወይም ምቱ የሚዘበራረቅ ከሆነ።

5. ሌሊት የሚብስ ሳል፣ በተለይም ደም ወይም ሮዝ መልክ ያለው አረፋ የተቀላቀለበት አክታ። ይህ የሳንባ ነቀርሳ ምልክትም ሊሆን ስለሚችል በግምት ሳይሆን በምርመራ ይለይ።

6. የደረት ሕመም፦ ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫንና ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ። በሴቶች ላይ ከዚህ ጋር ወይም ያለዚህ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ ድካምና ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሊታይ ይችላል። ብዙ ሴቶች «ጨጓራዬ ነው» ብለው የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ የወር አበባዋ የተቋረጠ፣ ወይም ግፊትና ስኳር ያለባት ሴት ይህን አትናቅ።

7. ራስን መሳት፤ እንዲሁም በድንገት ፊት መጣመም፣ አንድ እጅ መዛል ወይም አንደበት መተሳሰር። የልብ በር ሕመም ባለባት ሴት ልብ ውስጥ የሚረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል ይህ ምልክት በወጣትም ላይ ይታያል።

ታፍና የነቃች፣ ደረቷን የተጫናት፣ ራሷን የሳተች ወይም አንደበቷ የተሳሰረ ሴት እስኪነጋ አትጠበቅ። ትንፋሽ ያጠራት ከሆነ አታስተኟት፤ ቀና አድርጋችሁ አስደግፋችሁ ውሰዷት።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ምርመራ የሚጀምረው በጆሮ ነው። የማዳመጫ መሣሪያው ራሱ የተፈለሰፈው በአንዲት ሴት ሕመምተኛ ምክንያት ነው። በ1816 እ.ኤ.አ. ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ አንዲት የልብ ሕመም ምልክት ያለባትን ወጣት ሲመረምር፣ ጆሮውን በደረቷ ላይ ማድረጉ ነውር ስለሆነበት ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ ከቀድሞው የበለጠ ጥርት ብሎም ተሰማው። ዛሬም ደረትን ለማስዳመጥ የሚያፍሩ ሴቶች አሉ፤ በክሊኒክ ውስጥ ግን የሚያሳፍር ነገር የለም። ከተፈለገ ሴት ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል።

ሐኪሙ ከጠረጠረ ኤኮ ወደሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ይልካል። ይህ ምርመራ አያምም፤ በማኅፀን ያለውንም ልጅ አይጎዳም። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ከየጤና ጣቢያው የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ድርጅት ልብ ሕሙማን ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሀገር ሲልክ ቆይቶ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፍቷል። ቀዶ ሕክምናው ግን ወረፋው ረጅም፣ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ በጊዜ የተሰጠ የፔኒሲሊን መርፌ ብዙ ወጪና ብዙ እንባ ያድናል።

የትኛው የወሊድ መቆጣጠሪያ ለየትኛዋ ሴት?

ወደ ምሳሌያችን ባልና ሚስት እንመለስ። ከወሊዱ በኋላ ባልየው «ሦስተኛ ልጅ ልንወልድ እንችላለን ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙም «በመጀመሪያ የልቧ በር ይታከም፤ እስከዚያ እርግዝና አይኑር» አለ። የልብ ሕመም ያለባት ሴት ሁሉ መውለድ የለባትም ማለት አይደለም። ብዙዎች በክትትል በሰላም ይወልዳሉ። በሩ እጅግ የጠበበ ወይም የሳንባ ደም ሥር ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት ግን በእርግዝና ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። በመሆኑም ለእንዲህ ያለች ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ሕይወት አድን ሕክምና ነው።

ሀ) በየቀኑ የሚዋጠው የተለመደው እንክብል ሁለት ሆርሞኖች አሉት። ከእነርሱ አንዱ ኤስትሮጅን ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋት ዕድሉን ይጨምራል። ለብዙዎች ጤነኛ ሴቶች የሚስማማ ቢሆንም፣ ግፊት ላለባት፣ ዕድሜዋ 35 ደርሶ ለምታጨስ፣ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፣ ወይም የልብ በር ሕመሟ ለከፋ ሴት አይመከርም። ስለዚህ እንክብል ከመጀመር በፊት ግፊትን ማስለካት፣ ከጎረቤት ተበድሮም አለመዋጥ ይገባል።

ለ) ኤስትሮጅን የሌለባቸው ዘዴዎች፣ ማለትም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውና አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው እንክብል፣ ለብዙ የልብ ሕሙማን ይስማማሉ። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌም ለብዙዎች ይሆናል፤ ግፊቷ በጣም ከፍ ላለ ሴት ግን ሌላ ዘዴ ይመረጥላታል። ሉፕም እንዲሁ ለብዙዎች ይስማማል፤ ሕመሟ የከፋ ከሆነ ሉፑ በሆስፒታል ቢገባላት ይሻላል።

ሐ) ልጅ በቃን ያሉ ባለትዳሮች ቋሚ ዘዴ ሲመርጡ፣ የሚስትየውን ልብ ለቀዶ ሕክምና ከማጋለጥ ይልቅ ባልየው በቀላል ሕክምና ቱቦውን ቢያስቋጥር ይሻላል። ይህ ወንድነትን አይቀንስም።

መ) ደም ማቅጠኛ ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ ዋርፋሪንና ኢናላፕሪል የመሳሰሉት ፅንስን ሊጎዱ ይችላሉ። ነገር ግን በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ የለባትም፤ ሐኪሙ በሌላ ይተካላታል።

ጤነኛ እናትም ብትሆን ከወሊድ በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ብትቆይ ሰውነቷ ያገግማል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ጨው እንቀንስ፤ ወጡ ላይ ገብቶ ሳለ ገበታ ላይ ዳግመኛ መነስነስ፣ ቡናውንም በጨው መጠጣት ይቅር። የሚረጋውን ዘይት በፈሳሽ ዘይት እንተካ፤ ቅቤውንም እንመጥን። የጣና ዓሣ መልካም ምግብ ነው፤ ሁልጊዜ በዘይት ከሚጠበስ በወጥ ቢሠራ ይመረጣል። የማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ይኑረው፤ የማገዶ ጭስ ከዓይን አልፎ ሳንባንና ልብን ይጎዳል። በሐይቁ ዳር መንገድ ባልና ሚስት አብራችሁ በእግር ተንሸራሸሩ።

ጠበል የምትሄድ ሕመምተኛ መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ስለ ጾምም የንስሐ አባቷንና ሐኪሟን ታማክር።

ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ዘመድ ካላችሁ፣ የልብ ሕመም ያለባት ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ጀልባ ፍለጋ እንዳትንከራተት ቀደም ብላ ወደ ከተማ ትምጣ፤ በቤታችሁ ወይም በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ትረፍ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት እነዚህን አንድ ላይ ተወያዩባቸው።

1. ከእኛ መካከል በልጅነቱ መገጣጠሚያው በተራ ያበጠበት አለ?
2. የሁለታችንም የደም ግፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? ስንት ነበር?
3. ልጆቻችን ጉሮሯቸውን ሲያማቸው የት ነው የምንወስዳቸው?
4. ሌሊት ድንገተኛ ሕመም ቢመጣ በምን እንሄዳለን? ለመጓጓዣ የተቀመጠ ገንዘብ አለን?

ውድ ባለትዳሮች፣ የኢትዮጵያ እናት ለሁሉ አቅርባ በመጨረሻ የምትበላ፣ ሁሉን አስታማ በመጨረሻ የምትታከም ናት። «ደክሞኛል» የምትለው ብዙ ጊዜ ችላ ከቆየች በኋላ ነው። እንግዲህ ይህን ቃል ከባለቤታችሁ አፍ ስትሰሙ «ከምን የተነሣ? ከመቼ ጀምሮ? ስንት ትራስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካሳሰባችሁም አብራችሁ ኑ፤ ለዚህ ጥያቄ ቀጠሮ አያስፈልግም።